ከሙሌቱ ስር ያለው ስፌት

ሸለቢ እባላለሁ፤ የማታሪያ ሰው ነኝ። አባቴም አያቴም በመንዘላ ሐይቅ ዳር የጀልባ ሸራ ሲሰፉ ኖረው ሞቱ። እኔም የእነሱን መርፌ ወረስኩ፤ ወርሼ ሳልጠግበው ሞተር መጣና ሸራችንን ከጀልባው ላይ አወረደው። ከዚያ በኋላ ለአስር ዓመት ያህል የሰፋሁት የዳክዬ ቤት ጥላና የሰርግ ድንኳን ብቻ ነው። አንድ ቀን የመንገድ ሥራ ሰዎች ቡና ቤት ድረስ መጥተው "ጨርቅ የሚሰፉ ሰዎች እንፈልጋለን" ሲሉ የቀለዱብን መስሎኝ ሻዬን መጠጣቴን አልተውኩም። መንገድ ድንጋይና አፈር እንጂ መቼ ጨርቅ ፈልጎ ያውቃል?

ለካ ይፈልጋል። ሐይቁ ወደኋላ ሲሸሽ ትቶት በሄደው ጭቃ መሃል፣ ሸምበቆ መንደር የምንላት ሰፈር አለች። ጭቃው ላዩ ደርቆ ደህና መሬት ይመስላል፤ ሲረግጡት ግን እስከ ጭን ይውጣል። በዝናቡ ወራት በሽተኛ ከዚያ የሚወጣው በጠፍጣፋ ጀልባ፣ በዘንግ እየተገፋ ነው፤ በሕይወት የማይደርሰውም ብዙ ነው። መንገድ ሊሠራላቸው ሁለት ጊዜ አሸዋ ተደፋ። ሁለት ጊዜም ጭቃው ከስር ወደ ጎን እየተገፋ ወጥቶ መንገዱ በመሃሉ ሰመጠ። ሽማግሌዎቹ "ይህ መሬት መንገድ አይወድም" ብለው ተስፋ ቆርጠው ነበር።

በሦስተኛው ሙከራ ኢንጂነር ሲሃም መጣች። ዕድሜዋ የመጀመሪያ ልጄን ያህላል፤ ቦት ጫማዋን እስከ ጉልበቷ ስባ ጭቃው ውስጥ ስትገባ ግን ከኛ የሚቀድማት አልነበረም። "ባሽመሃንዲሳ" ነበር የምንላት፤ ሊቅ መሐንዲስ እንደማለት ነው። እኔን ደግሞ የሰፊዎቹ አለቃ አድርጋ ረይስ ሸለቢ አለችኝ። ያመጣችው ጨርቅ ጥቁር፣ ወፍራምና ከባድ ነበር፤ አንዱን ጥቅል ስምንት ሰው ተጋግዞ ነው የሚያነሳው። ድርና ማግ አለው። ድሩ ከብረት አይተናነስም፤ ማጉ ግን ድሩን አቅፎ ከመያዝ ያለፈ ሥራ የለውም። ጨርቁ ጭቃው ላይ ሲነጠፍ ድሩ ከመንገዱ ዳር እስከ ዳር፣ አግድም መሆን አለበት። አሸዋ ሲከመርበት ጭቃው የሚሸሸው ወደ ጎን ነውና፣ ጨርቁ ወገብ እንደያዘ መቀነት ሁለቱን ዳር አጥብቆ ይይዛል።

አንዱን ቁራጭ ከጎኑ ካለው ቁራጭ ጋር በቁመቱ መስፋት የኛ ሥራ ነበር። እሱ ምንም አይደለም፤ ሸክም የሚይዘውን ድር አያቋርጠውም። ቁራጩ ራሱ ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ መሆን አለበት። ሲሃም የመጀመሪያው ቀን ላይ ሰብስባን ይህንን ሦስት ጊዜ ደጋግማ ነገረችን።

"አጭር የሆነውን ጣሉት፤ ለዳክዬ ስጡት፤ ምን አገባኝ" አለች። "መሃሉ ላይ የተቀጠለ ጨርቅ ግን ከአሸዋው ሙሌት ስር እንዳላገኝ። ቅጥያ የጨርቁን ግማሽ ጉልበት እንኳ አይይዝም።"

መንገዱ ከስሩ ሠላሳ ስድስት ሜትር ይሰፋል። ጥቅሉ መቶ ሜትር ነው። ከአንዱ ጥቅል ሁለት ቁራጭ ይወጣና ሀያ ስምንት ሜትር ይተርፋል። ጥቅሉን ያዘዘው ሰው መንገዱን በእርምጃው እንኳ የለካ አይመስለኝም። ትርፉ ከዕቃ ድንኳኑ ጀርባ ይከመራል፤ ከሸምበቆ መንደር ሴቶች እየመጡ ለዳክዬዎቻቸው ይለምኑታል። ይህንን ሲያዩ በጣም የሚበሳጩት ሀጂ ዘናቲ ነበሩ።

ሀጂ ዘናቲ የሰባ አራት ዓመት ሰው ናቸው። አባቴ ሲሞት መርፌ ያስያዙኝ፣ ያበሉኝ፣ የዳሩኝም እሳቸው ናቸው። ሥራ አገኘን ስላቸው "እኔንም ውሰደኝ፤ እጄ ሳይሞት ልሙት" ብለው ነው የመጡት። በኛ በሐይቁ ሰዎች ዘንድ ደህና ጨርቅ አይጣልም። ያረጀ ሸራ ተቆርጦ ለትንሽ ጀልባ ይሆናል፤ የትንሿ ጀልባ ሲያረጅ ከረጢት ይሆናል፤ ከረጢቱም የመርፌ መጠቅለያ። ሸራ ለሚጥል ቤት ልጅ አይዳርም። ሀጂ ዘናቲ ያንን ጥቁር ክምር ባዩ ቁጥር "ሀያ ስምንት ሜትር! ለዳክዬ! አላህ ይቅር ይበለን" እያሉ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። እኛ እንስቅ ነበር።

በመጀመሪያው ወር መጨረሻ ጥርሴ አበጠና ላስነቅል ወደ ማታሪያ ሄድኩ። ሁለት ቀን ቆየሁ። ስመለስ መንገዱን ለመለካት ከተተከሉት ችካሎች ከአርባኛው አጠገብ የነበረው ክፍል ተሰፍቶ፣ የመጀመሪያው አሸዋ ለብሶ አገኘሁት። ሲሃም መዝገቧን ይዛ መጣችና "ይሄኛው ንጹህ ነው? ቅጥያ የለበትም?" አለችኝ። ሀጂን ዞር ብዬ አየኋቸው። "ከንጹህም ንጹህ" አሉ። እኔም በዚያ ባበጠ ጉንጬ "ንጹህ ነው" አልኩ። ሳላይ፣ በሰው ቃል፣ በራሴ አፍ መሰከርኩ ማለት ነው።

ሁለት ሳምንት አለፈ። አሸዋው በንብርብር እየተጨመረ፣ እየተጠቀጠቀ አንድ ሜትር ደረሰ። አንድ ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ የመንደሯ ሴት መጥታ ቁራጭ ለመነችኝ። ልሰጣት ከድንኳኑ ጀርባ ስሄድ ክምሩ አነሰብኝ። ከኔ ፈቃድ ውጭ ማንም አይነካውም። ቆጠርኩት፤ ስድስት ቁራጭ የለም።

ሀጂ ዘናቲ ምሳ ሊበሉ ተቀምጠው ነበር። ጨዋማ ዓሣ፣ ዳቦና ሽንኩርት ጋዜጣ ላይ ዘርግተዋል።

"ሀጂ፣ ስድስቱ ቁራጭ የት ሄደ?"

"ቦታው ገባ።"

"የት ቦታ?"

"ጨርቅ የሚገባበት ቦታ ነዋ!" ሽንኩርቱን በመዳፋቸው ጨፈለቁት። "አንተ ጥርስህን ስታስነቅል እኔ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? ሁለቱን ቆራርጬ በቀሩት ሀያ ስምንቶች ላይ ስምንት ስምንት ሜትር ቀጠልኩ። አራቱንም። በዚያች በምትጮኸው የስፌት መኪና እንዳይመስልህ፤ በእጄ፣ ሰም በጠጣ ክር፣ ሦስት ረድፍ። ብታየው ምራቅህን ትውጣለህ።"

"አርባኛው ችካል ላይ ነው?"

"እዚያው ነው። ለምን ፊትህ አመድ መሰለ?"

"ባሽመሃንዲሳዋ ቅጥያ እንዳይኖር ብላ የለ እንዴ!"

"እሷ የምታውቀው የልብስ ሰፊ ስፌት ነው። እኔ የሰፋሁት ሸራ በጥር ማዕበል ምሰሶ ሰብሮ ወጥቷል፤ ስፌቱ ግን አልላቀቀም። አንተው አይደለህ በዓይንህ ያየኸው?"

አይቻለሁ፤ እውነት ነው። እሳቸው ያን ጊዜ የሰፉት ሸራ ዛሬም የአንድ ሰው ግቢ ጥላ ሆኖ አለ። ግን ሸራና ይሄ ጨርቅ አንድ እንዳልሆኑ በእጄ አውቀው ነበር። መርፌው ሲገባበት ድሩ ጠጠር እንደረገጠ ሰው ሽምቅቅ ሲል ይሰማኛል።

"ብነግራትስ?" አልኳቸው።

"ንገራታ። እኔም መርፌዬን ይዤ ቤቴ እገባለሁ። በሰባ አራት ዓመቴ አሸዋ ገልጠው ስፌቴን ሊመረምሩ! ማታሪያ ሁሉ ይስማልኝ። ንገራት፣ ልጄ፣ ንገራት።" ዳቦውን ቆርሰው ዓሣ አጎረሱኝ። በልጅነቴ እንደሚያደርጉት። ያንን ጉርሻ ዋጥኩ፤ ነገሩንም አብሬ ዋጥኩት።

ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ። እንዲህ ያለውን ወርቅ አንገቱ ላይ ያሰረ ሰው ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ይየው።

ከምሳ በኋላ ገልባጭ መኪኖቹ አሸዋ ይዘው መጡ። ቀጣዩ ንብርብር አርባኛው ችካል ላይ ነበር የሚጀምረው። ዶዘሩን የሚነዳው ፊክሪ፣ ከዳሚየታ ከተማ የመጣ፣ አፉ ሥራ ፈትቶ የማያውቅ ሰው ነው። ካለበት ከፍታ ጮኸብኝ።

"ረይስ ሸለቢ! ምን ሆነህ ነው እንደተሸጠ በግ የምታየኝ? ጥርስህ ናፈቀህ?"

አሸዋውን እየገፋ ያንን ቦታ አለፈበት፤ ተመለሰ፤ ደግሞ አለፈበት። ከስሩ ጭቃው ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ሲሃም ነግራናለች፤ አስራ አምስት ሜትር። የመንገዱ ዳር ቢናድ ዶዘሩም አብሮ ይሄዳል፤ ከዚያ ጭቃ ደግሞ ዶዘር የሚያወጣ ነገር በአገራችን የለም። የብረት ሰንሰለቱ በዚያ ላይ በተንከባለለ ቁጥር ዓይኔን ከችካሉ ላይ አልነቅልም ነበር። እጄን አንስቼ "ቁም" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለትን ለልጆቼ የማስተምር ሰው ነኝ። ግን የሀጂ ፊት ይመጣብኛል። "ነገ" እላለሁ፤ "ነገ ጠዋት በዘዴ እነግራታለሁ፤ ሀጂም ከሰው ፊት አይዋረዱም"። ፀሐይዋ ሸምበቆው ውስጥ እስክትገባ ድረስ እዚያው ችካሉ አጠገብ ቆሜ ዋልኩ።

ጠዋት ስንመጣ በሙሌቱ እግር ሥር ቀጥ ብለው የተተከሉት ችካሎች ወደ ረግረጉ ዘምመዋል። ጭቃው እንደቦካ ሊጥ አብጦ፣ ላዩ ተሰነጣጥቋል። ሲሃም ተንበርክካ ሜትሯን ዘርግታ ትለካለች። ከላይ የፊክሪ ዶዘር ተነሳ።

ሮጥኩ። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፤ ራሴን ያገኘሁት ከዶዘሩ ፊት፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ ነው።

"ውረድ!"

"ምነው በጠዋቱ? ሰማይ ላይ ነው እንዴ ያለሁት?"

"ውረድ አልኩህ! ሞተሩን አጥፋና ውረድ!"

ድምፄን ሲሰማ ቀልዱን ተወው። ወረደ። እኔም ለሲሃም ተናገርኩ፤ ሁሉም ሠራተኛ ከቦናል፤ በዘዴ የሚባል ነገር አልቀረም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አራት ቁራጭ፣ መሃል ላይ የተቀጠለ፣ አርባኛው ችካል ላይ። ሲሃም ዓይኗን ጨፈነች፤ ስትገልጠው ወደ እኔ ብቻ አየች።

"መቼ ነው ያወቁት፣ ረይስ?"

"አሁን" አልኩ። "ዛሬ ጠዋት።"

ሀጂ ዘናቲ ከኋላዋ ቆመው ነበር። አዩኝ፤ ከዚያ ወደ መሬት አቀረቀሩ።

ሲሃም ገልባጮቹን ሁሉ መለሰች። "ይቆፈራል" አለች። ያን ጊዜ ሀጂ ወደ ፊት መጡ።

"መጀመሪያ ይጎተት" አሉ። "ባሽመሃንዲሳ፣ እኔ ነኝ የሰፋሁት፤ ማንንም አትጠይቂ። ግን ስፌቴን ሳታዪው አትፍረጂበት። ዛሬ፣ በፊትሽ፣ አንድ ልስፋና ይጎተት። ከለቀቀ እኔው እቆፍራለሁ።"

"ባይለቅም እንቆፍራለን፣ ሀጂ" አለቻቸው። ቁጣ የለበትም። "ግን ይጎተት። ማወቅ መብትዎ ነው።"

ከአንዱ ትርፍ ቁራጭ ስንዝር የሚሰፋ ሁለት ጥብጣብ ተቀደደ። አንደኛው እንዳለ ተተወ። ሁለተኛው ከመሃሉ ተቆረጠና ለሀጂ ተሰጣቸው። አሸዋው ላይ ተቀምጠው ሰፉት፤ አንድ ሰዓት ፈጀባቸው። ሰም እየቀቡ፣ በእያንዳንዱ ጥልፍ ክሩን በጥርሳቸው እያጠበቁ። እንዲያ ያለ ስፌት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

አንዱን ጫፍ አሸዋ የጫነ ገልባጭ ላይ፣ ሌላውን ዶዘሩ ላይ በቧንቧ ጠቅልለን አሰርን፤ መሃል ላይ ሲሃም እንደ ሰዓት ያለውን የክብደት መለኪያዋን አስገባች። መጀመሪያ ወጥ የሆነው ተጎተተ። አራት ቶን ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው በታላቅ ድምፅ ተበጠሰ፤ ወፎቹ ከሸምበቆው ተነሱ። ከዚያ የሀጂ ተራ ደረሰ። ፊክሪ ዶዘሩን በዝግታ፣ ከዚያ በፊት ባላየሁት ጥንቃቄ አስኬደው። መለኪያው አንድ ቶን አለፈ፤ አንድ ተኩል አለፈ። ሁለት ሳይሞላ ጨርቁ "ጭርርር" አለና ለሁለት ሆነ።

ሁላችንም ሮጠን ከበብነው። ሀጂ ጫፉን አነሱት። ክሩ ሦስቱም ረድፍ እንዳለ ነው፤ አንድ ጥልፍ እንኳ አልተፈታም። የተቀደደው ጨርቁ ነው፤ መርፌው የገባባቸውን ቀዳዳዎች ተከትሎ፣ ቀጥ ባለ መስመር።

"ክሬ አልተበጠሰም" አሉ ሀጂ።

"አልተበጠሰም፣ ሀጂ" አለች ሲሃም። አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። "እንደዚህ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም። ግን መርፌው በገባበት ሁሉ ድሩ ይጎዳል። አንድ ረድፍ ሲሰፋ አንዴ ይጎዳል፤ ሦስት ረድፍ ሲሰፋ ሦስቴ።"

ሀጂ ቀዳዳዎቹን በአውራ ጣታቸው ዳሰሷቸው፤ አንድ በአንድ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። "ስለዚህ ባጠበቅኩ ቁጥር እኔው ነኝ የቀደድኩት" አሉ።

አንጀቴን በሉት።

ቁፋሮው ሁለት ቀን ፈጀ። ከላይ ያለውን ዶዘሩ ከሩቅ ሆኖ ቀነሰው፤ ወደ ጨርቁ ሲቀርብ በአካፋ ብቻ ሆነ። የሸምበቆ መንደር ወንዶች መንገዳቸው እንደቆመ ሰምተው አካፋቸውን ይዘው መጡ፤ አንድም ሰው ሳይጠራቸው። ሀጂ ዘናቲም አካፋ አነሱ። "ይረፉ" ሊላቸው የደፈረ የለም። አስር ጊዜ ይዝቃሉ፤ ቆመው ይተነፍሳሉ፤ ደግሞ ይዝቃሉ።

ሐሙስ ቀትር ላይ ጨርቁ ታየ። ሦስቱ ስፌቶች እንደተሰፉ ናቸው። አራተኛው የክንድ ያህል ርዝመት ተከፍቷል፤ በቀዳዳው ጥቁር ሰማያዊ ጭቃ ተገፍቶ ወጥቶ አሸዋውን አበላሽቶታል። ይሸታል። ሲሃም ብዙ ጊዜ ወስዳ አየችው፤ ከዚያ እኔና ሀጂ ብቻ በምንሰማው ድምፅ ተናገረች።

"የማክሰኞው አሸዋ ነው የከፈተው። አንድ ንብርብር ቢጨመርበት ዳሩ በሙሉ፣ ላዩ ላይ ካለው ሁሉ ጋር፣ ይሄድ ነበር።" ችካሎቿን ልታይ ወጣች።

ሀጂ አካፋቸውን ተደግፈው ቆሙ። ፊታቸው ላይ ላብና ጭቃ ተቀላቅሏል።

"ለእሷ 'ዛሬ ጠዋት ነው ያወቅኩት' አልካት" አሉኝ።

አካፋዬ ላይ የተጣበቀውን ጭቃ በእግሬ ማስለቀቅ ጀመርኩ።

"እኔ ግን ማክሰኞ፣ ምሳ ላይ ነገርኩህ።"

"ለስምዎ ብዬ ነው፣ ሀጂ። በሰው ፊት እንዳያፍሩ ብዬ።"

"ስሜን ማን ጠብቅልኝ አለህ?" አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። "እኔ ስፌቴ ይይዛል ብዬ አምኜ ነው፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ራሴ በላዩ ስሄድበት ነበር። ተሳሳትኩ፤ አላህም ሰውም ይፍረድብኝ። አንተ ግን አላመንከውም። ፊትህ አመድ ሲመስል አይቻለሁ። ሳታምነው ሰው ሰደድክበት።"

ሀጂ በአገጫቸው ወደ ላይ አመለከቱ። ፊክሪ በዶዘሩ ጥላ ሥር ተቀምጦ ምሳውን እየበላ ነበር።

"ለእኔ አትንገረኝ" አሉ። "ለእሱ ንገረው።"

አሸዋውን ወጣሁት። ፊክሪ ሲያየኝ ቦታ ለቀቀልኝ።

"ና ረይስ፣ ብላ። ዓሣው የእናቴ ነው፤ ጥርስ አይፈልግም።"

አልተቀመጥኩም። ቆሜ ነገርኩት፤ ማክሰኞ ምሳ ላይ እንዳወቅኩ፣ እሱ ከሰዓት በኋላ ሲሠራበት አውቄ ዝም እንዳልኩ። ፊክሪ ማኘኩን አቆመ።

"እዚያው ችካሉ አጠገብ ቆመህ አልነበር እንዴ?"

"ነበርኩ።"

"እስከ ማታ?"

"እስከ ማታ።"

የተቆፈረውን ቦታ፣ ከዚያ የዶዘሩን ሰንሰለት አየ። "ስንት ጊዜ ይሆን የተመላለስኩበት?" አለ፤ ጥያቄው ለእኔ አልነበረም፤ ለራሱ ነበር።

"አስራ አንድ ጊዜ" አልኩት። ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው።

ፊክሪ ዳቦውን ጋዜጣው ላይ አስቀመጠ። ቀና ብሎ አየኝ።

"ትቆጥር ነበር" አለኝ።